መዝገቡን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማን ነው?

የአንድ አገር ሕግ አስከባሪ አካላት ነጻነት ከሁሉ ይበልጥ የሚፈተነው፣ ትናንት አገር ወይም ክልል ይመራ የነበረ ሰው በወንጀል ተጠርጥሮ መርማሪ ፊት በሚቀርብበት ጊዜ ነው። ሕግ አስከባሪ ሲባል እዚህ ላይ በዋናነት ሁለት ተቋማት ይታሰባሉ፤ አንደኛው የወንጀል ጥቆማ ተቀብሎ ማስረጃ የሚያሰባስበው ፖሊስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የተሰበሰበውን ማስረጃ መዝኖ ክስ ለመመሥረት ወይም መዝገቡን ለመዝጋት የሚወስነው ዐቃቤ ሕግ ነው። ፍርድ ቤት ራሱን የቻለ የመንግሥት አካል ቢሆንም፣ ሊፈርድ የሚችለው እነዚህ ሁለቱ አዘጋጅተው ባቀረቡለት ጉዳይ ላይ ብቻ በመሆኑ፣ ዳኛው የቱንም ያህል ነጻ ቢሆን ያልተከፈተ መዝገብ ከፍቶ ሊመረምር፣ ዐቃቤ ሕግ ያነሳውንም ክስ በራሱ ሊያስቀጥል አይችልም። ስለዚህ የሕግ አስከባሪ ነጻነት የሚለው ሐሳብ በቀላል አነጋገር ሲገለጽ፣ ማን እንደሚመረመር፣ ምርመራው መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚቋረጥ በማስረጃና በሕግ ብቻ መወሰን መቻል ማለት ነው።

ኢትዮጵያ ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት የቀድሞ መሪዎቿን አልመረመረችም ሊባል አይችልም፤ እንዲያውም ጠቅላይ ሚኒስትሮችን፣ የመከላከያ ሚኒስትርን፣ የክልል ፕሬዚዳንቶችንና አንድ ርእሰ ብሔርን ለምርመራ ወይም ለፍርድ ካቀረቡ የአፍሪካ አገሮች መካከል ትመደባለች። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። የእነዚህ መዝገቦች መሀል፣ ማለትም ምስክር የሚሰማበትና ሰነድ የሚመረመርበት ክፍል፣ በሕግ ሥርዓት የተመራባቸው ጊዜያት ቢኖሩም፣ መጀመሪያቸውና መጨረሻቸው ግን ብዙውን ጊዜ በፖለቲካ ውሳኔ እጅ ላይ ወድቆ ቆይቷል። ባለሥልጣኑ የሚመረመረው ከሥልጣን ቡድኑ ጋር ከተጣላ በኋላ ነው፤ መዝገቡ የሚዘጋውም አብዛኛውን ጊዜ ከማስረጃው ይልቅ ከፖለቲካው የአየር ጠባይ ጋር አብሮ ነው። ይህ ልማድ ተከሳሹንም ተበዳዩንም በአንድነት ይጎዳል፤ ተከሳሹ በሥራው ሳይሆን በመሸነፉ የተከሰሰ ይመስለዋል፣ ተበዳዩ ደግሞ በደሉ የተነገረለት ለሌላ ሰው ጥቅም መሆኑን ይረዳል።

ጉዳዩን ከማዕከሉ ርቆ፣ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ላይ ከምትገኘው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ከአሶሳ ሆኖ መመልከት ብዙ ነገር ያሳያል። የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች መኖሪያ የሆነው ይህ ክልል፣ ከአፋር፣ ከሶማሌና ከጋምቤላ ጋር ታዳጊ ክልል እየተባለ ልዩ የፌዴራል ድጋፍ ሲደረግለት የቆየ፣ በጀቱም በአብዛኛው ከፌዴራል መንግሥት በሚመጣ ድጎማ ላይ የተመሠረተ ነው። የክልሉ ገዥ ፓርቲም እስከ ብልጽግና ፓርቲ ምሥረታ ድረስ የገዥው ግንባር የኢሕአዴግ አባል ሳይሆን አጋር ተብሎ የሚጠራ ድርጅት ነበር፤ አጋር ማለት በክልሉ የሚያስተዳድር፣ በግንባሩ የአመራር አካላት ውስጥ ግን ድምፅ የማይሰጥ ማለት ነበር። ስለዚህ የክልሉ ባለሥልጣን ሲመረመር ከጀርባው ያለው የፖለቲካ መከታ ከሌሎቹ የሳሳ ይሆናል፤ የሚመረምረውና የሚከሰውም አካል በአብዛኛው ከሩቅ የመጣ ነው።

ክልሉን ለረጅም ዓመታት በፕሬዚዳንትነት የመሩት አቶ ያረጋል አይሸሹም ከዚያ ሥልጣናቸው በኋላ የፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር ሚኒስትር ዴኤታ ሆነው ተሾመው ነበር። በ2000ዎቹ ዓመታት የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን፣ በክልሉ ከተሰጡ የግንባታ ውሎች ጋር በተያያዘ በሙስና ወንጀል ከሰሳቸው፤ የፌዴራል ከፍተኛው ፍርድ ቤትም ጥፋተኛ ብሎ የእስራት ቅጣት ወሰነባቸው። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነሳ አንድ የአደረጃጀት ነጥብ አለ። በወቅቱ የፌዴራል ፖሊስ ተጠሪነቱ ለዚያው ለፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር ነበር። ተጠሪነት ማለት አንድ ተቋም ሥራውን ለበላይ አካል የሚያሳውቅበት፣ ከእሱም መመሪያና ግምገማ የሚቀበልበት ግንኙነት ማለት ሲሆን፣ ተጠርጣሪው ሚኒስትር ዴኤታ በሆነበት መሥሪያ ቤት ሥር ያለ ፖሊስ ምርመራውን ቢይዘው ኖሮ፣ መርማሪው የአለቃውን ጎረቤት እንደሚመረምር ሰው በሆነ ነበር። ምርመራው ሊካሄድ የቻለው በከፊልም ቢሆን በ1993 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 235 የሙስና ምርመራን ከመደበኛው ፖሊስ አውጥቶ ለኮሚሽኑ ሰጥቶ ስለነበር፣ ኮሚሽኑም ለክልሎች በሚሰጥ የፌዴራል ድጎማ ላይ የሚፈጸምን ሙስና ለመመርመር ሥልጣን ስለነበረው ነው።

ይሁንና ኮሚሽኑ ራሱ ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር። ስለዚህ የቀድሞውን የክልል ፕሬዚዳንት ለመመርመር የሚያስችል ርቀት ቢኖረውም፣ ተጠሪ የሆነለትን ሰው ወይም የዚያን ሰው የቅርብ ጓዶች ለመመርመር የሚያስችል ርቀት አልነበረውም። አንድ ተቋም ወደ ታች ነጻ፣ ወደ ላይ ግን ጥገኛ ሊሆን እንደሚችል ይህ በግልጽ ያሳያል፤ የሕግ ባለሙያዎች ስለ ተጠሪነት አጥብቀው የሚከራከሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከአሶሳ አንጻር ሌላም የሚነሳ ጉዳይ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78 የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ለክልል ፍርድ ቤቶች እንዲሰጥ አድርጎ፣ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ግን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እነዚህን ፍርድ ቤቶች በክልሎች ሊያቋቁም እንደሚችል ይደነግጋል። በ1995 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 322 በዚሁ መሠረት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን በአምስት ክልሎች ያቋቋመ ሲሆን፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከእነዚያ አምስቱ አንዱ ነው። ለቀድሞ የክልል መሪ ምርመራ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። የክልሉን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ለክልሉ ምክር ቤት በዕጩነት የሚያቀርበው የክልሉ ርእሰ መስተዳድር በመሆኑ፣ ትናንት ዳኛውን ያሾመ ሰው ዛሬ በዚያው ዳኛ ፊት እንዳይቀርብ የፌዴራል ችሎት መኖሩ ጠቃሚ ነው። በሌላ በኩል፣ የፌዴራሉ መርማሪና የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ በፌዴራል ችሎት የሚከራከሩበት ጉዳይ፣ ለክልሉ ነዋሪ ከሩቅ የተላለፈ ውሳኔ መስሎ የሚታይበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ በተለይ ምርመራው የተጀመረው ባለሥልጣኑ ከማዕከሉ ጋር ከተለያየ በኋላ ከሆነ፣ ሕዝቡ የሚያነበው የክሱን ዝርዝር ሳይሆን የመለያየቱን ዜና ነው።

መዝገብን በፖለቲካ ውሳኔ የመክፈትና የመዝጋት ልማድ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ 1966 ዓ.ም መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት በተነሳው ሕዝባዊ ንቅናቄ የተነሳ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ባለሥልጣናት ሀብት አሰባሰብና የወሎን ረሀብ የመደበቅ ድርጊት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ከአባላቱ መካከል ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና የሕግ ምሁሩ በረከት ሀብተ ሥላሴ የነበሩበት ይህ ኮሚሽን፣ ባለሥልጣናትን እየጠራ ቃላቸውን ይቀበል፣ ሰነድ ያገላብጥ፣ ጥያቄና መልሱን በጽሑፍ ያሰፍር ነበር። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ፀሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ በእስር ላይ ሆነው ለኮሚሽኑ ያዘጋጁት የጽሑፍ ቃል ከብዙ ዓመታት በኋላ በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ይገኛል፤ ኮሚሽኑ ሥራውን ምን ያህል በቁም ነገር ይዞት እንደነበር ከዚያ መገመት ይቻላል። ዳሩ ግን ምርመራው ሳይጠናቀቅ፣ ህዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ወታደራዊው መንግሥት ደርግ አክሊሉንና እሳቸውን የተኩትን ጠቅላይ ሚኒስትር ልጅ እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። የአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ የመሪዎች ምርመራ መዝገብ የተዘጋው እንዲህ ነው። ያ ሌሊት የጠፋው የሰው ሕይወት ብቻ አልነበረም፤ ስለ ረሀቡ ማን ምን እንደሚያውቅ፣ ማን መቼ እንደ ደበቀ በሥርዓት ሊታወቅ የሚችልበት ዕድል አብሮ ጠፍቷል፤ ለወሎ ገበሬ ይህ ዕድል ዳግመኛ አልመጣለትም።

የደርግ መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም አገር ጥለው ወደ ዚምባብዌ ሲሸሹ፣ በምርኮና በእጅ መስጠት የተያዙት የደርግ ባለሥልጣናት ግን ከ16 ዓመት ተኩል በፊት የነበረው ዕጣ አልደረሰባቸውም። በ1984 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 22 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤትን አቋቋመ። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ማለት ከመደበኛው መሥሪያ ቤት ተነጥሎ ለአንድ ጉዳይ ወይም ለአንድ ዘመን ወንጀሎች ብቻ የሚቋቋም የምርመራና የክስ ተቋም ሲሆን፣ ይህኛው በአቶ ግርማ ዋቅጅራ ዋና ዐቃቤ ሕግነት እየተመራ የግድያ ትእዛዞችን፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎችንና የመቃብር ቦታዎችን በስፋት አጥንቷል። ዋናው የፍርድ ሂደት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም ተጀምሮ፣ በመንግሥቱና በሌሎች ተከሳሾች ላይ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም ነው፤ 12 ዓመት ያህል ወስዷል ማለት ነው። መንግሥቱ የተፈረደባቸው በሌሉበት ሲሆን፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የበየነባቸውን የዕድሜ ልክ እስራት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም ወደ ሞት ቅጣት ለውጦታል። የዘር ማጥፋት ክሱ የቆመው በ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ላይ ነበር፤ ይህ ሕግ ከዓለም አቀፉ ስምምነት ሰፋ ብሎ የፖለቲካ ቡድኖችንም የሚጠብቅ መሆኑ፣ የቀይ ሽብር ግድያን በአገሪቱ በራሷ ሕግ ለመዳኘት አስችሏል።

ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ የልዩ ዐቃቤ ሕጉ ሥልጣን በደርግና በኢሠፓ አባላትና ባለሥልጣናት ድርጊት ላይ ብቻ የተወሰነ ነበር። በዚያው የጦርነት ዘመን የአሸናፊዎቹ ታጣቂ ኃይሎች ፈጽመውታል የሚባል በደል ካለ፣ ያንን ለመመርመር የተቋቋመ አካል አልነበረም። ከ5,000 በላይ ሰዎችን የከሰሰው ተቋም በማስረጃ አሰባሰቡ የሚመሰገን ቢሆንም፣ መዝገቡ የተከፈተበት ወሰን የተሰመረው ጦርነቱን ባሸነፈው ወገን ነው። የመጨረሻውም ክፍል ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሳል። በ2003 ዓ.ም ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23 የቀድሞ ባለሥልጣናትን የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ዝቅ አደረጉ፤ ብዙዎቹም 20 ዓመት በመታሰራቸው ብዙ ሳይቆይ በአመክሮ ተለቀቁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይቅርታ ወይም በምሕረት እንዳይታለፉ ከልክሎ፣ የሞት ቅጣትን ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥን ግን ስለሚፈቅድ፣ እርምጃው ከሕጉ ፊደል አልወጣም። በሞት ፍርድ ያለቀን መዝገብ በደም ሳይሆን በሕግ መዝጋት መቻሉም ከ1967ቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ርምጃ ነው፤ ይህን ዋጋ ማሳነስ አይገባም።

የኢሕአዴግ ዘመን ሁለት መዝገቦች ደግሞ የምርመራ አከፋፈት ምን ያህል ከፓርቲ ሕይወት ጋር እንደተሳሰረ ያሳያሉ። አቶ ታምራት ላይኔ የሽግግር መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በኋላም ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የመከላከያ ሚኒስትር ነበሩ። በ1989 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ከሥልጣን የተነሱት በድርጅታቸው ግምገማ ሲሆን፣ ግምገማ ማለት አባላት በስብሰባ ላይ እርስ በርስ የሚተቻቹበትና ጥፋት የሚያምኑበት የፓርቲ አሠራር ነው። ፍርድ ቤት ከመቅረባቸው በፊት በምክር ቤት ፊት ጥፋታቸውን አምነዋል፤ ከዚያም በ1992 ዓ.ም በሙስና የ18 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው በ2001 ዓ.ም ተፈቱ። ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ያስፈልጋል፦ መጀመሪያ ፓርቲው ፈረደ፣ ቀጥሎ ምክር ቤቱ ሰማ፣ በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ ወሰነ። ሕግ የሚያዘው ቅደም ተከተል ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አንድ ሰው በፓርቲ ስብሰባ የሰጠው ቃል፣ ዝም የማለት መብቱ ሳይነገረውና ጠበቃ ሳይኖረው የተሰጠ በመሆኑ፣ የወንጀል ምርመራ መነሻ ሲሆን የመርማሪውን ነጻ ግምት አስቀድሞ ይሸረሽረዋል።

በ1993 ዓ.ም ሕወሓት ለሁለት ሲከፈል የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ተያዙ። የፀረ ሙስና ኮሚሽኑ የተቋቋመው በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ነው። ጉዳዩን በጊዜ ቀጠሮ ችሎት፣ ማለትም ፖሊስ ምርመራውን ለመጨረስ ተጨማሪ ቀናት በሚጠይቅበት ችሎት ያዩት ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ፣ ተጠርጣሪው በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ፤ ሆኖም አቶ ስዬ ወዲያው እንደገና ተያዙ፤ ብዙም ሳይቆይ በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስ እንዳይለቀቅ የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 239/1993 ወጣ። አዋጁ በስም ማንንም አይጠቅስም፤ ጊዜው ግን ይናገራል። አንድን ሰው በእስር ለማቆየት ሕግ ሲለወጥ፣ የነገው ተጠርጣሪም በዚያው ሕግ እንደሚዳኝ መዘንጋት የለበትም፤ በእርግጥም ያ የዋስትና ክልከላ እስከ 1997 ዓ.ም ማሻሻያ ድረስ ከአቶ ስዬ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸውን የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ሁሉ ይመለከት ነበር። በኋላ በወጣው አዋጅ ቁጥር 434/1997 ክልከላው ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ብቻ ተወሰነ። ዳኛዋ በኋላ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ፣ ከዚያም እስረኛና ስደተኛ ሆነው፣ በ2011 ዓ.ም ተመልሰው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ መሆናቸው ይታወቃል።

የአሁኑ ሕግ በዚህ ረገድ ምን ይላል? በ2008 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 943 የፌዴራል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግን ሲያቋቁም፣ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ተበታትኖ የነበረውን የመክሰስ ሥልጣን፣ የፀረ ሙስና ኮሚሽኑንም ጨምሮ፣ በአንድ ተቋም አሰባሰበ፤ በ2014 ዓ.ም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1263 ይህ ተቋም ወደ ፍትሕ ሚኒስቴርነት ተለወጠ። የፍትሕ ሚኒስትሩ የካቢኔ አባል ነው፤ ይህም ማለት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሚመረምራቸው ሊሆኑ ከሚችሉ ሰዎች ጋር ይቀመጣል። በአዋጅ ቁጥር 943 ላይ የሰፈረው ሌላ ድንጋጌ ደግሞ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ክስ የማንሳት ሥልጣንን የሚመለከት ሲሆን፣ ጉዳዩ አገራዊ ከሆነ ክሱ የሚነሳው ጠቅላይ ሚኒስትሩን በማማከር ነው። ክስ ማንሳት ማለት ፍርድ ቤት የደረሰን ጉዳይ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ አቋርጦ ማውጣቱ ነው። በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በመርህ ደረጃ ለዚህ የፍርድ ቤትን ፈቃድ ይጠይቅ ስለነበር፣ ዘመናዊው ሕግ በዚህ አንድ ነጥብ ከ60 ዓመት ዕድሜ ካለው ሕግ ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ይቻላል።

ይህ ሥልጣን በተግባር ምን እንደሚመስል በቅርብ ዓመታት ታይቷል። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም፣ በገና ዕለት፣ መንግሥት ነባሩን የሕወሓት መሪ አቶ ስብሐት ነጋንና የቀድሞውን የትግራይ ክልል ፕሬዚዳንት አቶ ዓባይ ወልዱን ጨምሮ የብዙ ሰዎችን ክስ ማንሳቱን አስታወቀ። የትግራዩን ጦርነት ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ በመጋቢት 2015 ዓ.ም በሕወሓት አመራሮች ላይ ተመሥርቶ የነበረው ክስ ተነሳ። በ2010 ዓ.ም ነሐሴ ወር ተይዘው የተከሰሱት የቀድሞው የሶማሌ ክልል ፕሬዚዳንት አቶ አብዲ መሐመድ ዑመርም ክሳቸው በ2016 ዓ.ም ተቋርጦ ተለቀዋል። ሰላምና እርቅ ከባድ ዋጋ የሚከፈልባቸው ነገሮች ናቸውና፣ መንግሥት ለሰላም ሲል ክስ ሊያነሳ እንደሚገደድ ማንም አስተዋይ ሰው ይረዳል። የሚያሳዝነው ግን ክሶቹ ሲነሱ የምርመራው ውጤት ምን እንደነበረ፣ ምስክሮች ምን እንዳሉ፣ የተበዳዮች መብት በምን እንደሚካስ ለሕዝብ የሚገልጽ የተሟላ ምክንያት አለመቅረቡ ነው። አቶ አብዲ በተከሰሱበት የጅግጅጋ ሁከት ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ክሱ ሲመሠረት አልተማከረም፤ ሲነሳም አልተነገረውም።

የደቡብ አፍሪካ ልምድ ከዚህ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው ነው። በዚያ አገር ስኮርፒዮንስ በሚል ስም የሚታወቀው የዐቃቤ ሕግ ልዩ የምርመራ ክፍል ጃኮብ ዙማን ከጦር መሣሪያ ግዥ ጋር በተያያዘ ሲመረምር፣ ገዥው ፓርቲ በፖሎክዋኔ ባካሄደው ጉባኤ ክፍሉ እንዲበተን ወሰነ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ክፍሉ በፖሊስ ሥር ባለ ሌላ ክፍል ተተካ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር፣ ዙማ ፕሬዚዳንት ሊሆኑ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ በእሳቸው ላይ የነበረው ክስ ተነሳ። እስከዚህ ያለው ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 አዲሱ የፖሊስ ክፍል በቂ ነጻነት የለውም ብሎ ፈረደ፤ ከዓመታት ክርክር በኋላም ፍርድ ቤቶች ክሱን የማንሳቱ ውሳኔ ምክንያታዊ አልነበረም ብለው ስለሻሩት፣ ክሱ እ.ኤ.አ. በ2018 እንደገና ተመሠረተ። ደቡብ አፍሪካም እንደ ኢትዮጵያ ፖለቲከኞች መዝገብ ለመዝጋት የሚሞክሩባት አገር ናት፤ ሆኖም የተዘጋውን መዝገብ ዜጋና ተቃዋሚ ፓርቲ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚያስከፍትበት በር ክፍት ሆኖ ቆይቷል።

ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሲመለስ፣ ሌላው የነጻነት ፈተና የተጠርጣሪው ክብር ነው። የታላቁ ህዳሴ ግድብ በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ በሚገነባበት ወቅት የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ማለትም ሜቴክ፣ የግድቡን የኤሌክትሮ ሜካኒካልና የብረታ ብረት ሥራዎች እንዲሁም የውኃ ማጠራቀሚያውን ደን ምንጣሮ ይዞ ነበር። በህዳር 2011 ዓ.ም የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቶ ብርሃኑ ጸጋዬ ድርጅቱ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ለጋዜጠኞች ገለጹ፤ የድርጅቱ የቀድሞ ዋና ዳይሬክተር ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘውም እጃቸው በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ታዩ። በጉባ የሚኖር ሰው በግድቡ ስም የተባከነ ገንዘብ ካለ እንዲመረመር የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተከሳሽ ሁሉ በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ነጻ ሆኖ የመገመት መብት እንዳለው ሲደነግግ፣ ቴሌቪዥኑ አስቀድሞ ከፈረደ ዳኛው ያንኑ ፍርድ እንዲያጸድቅ ብቻ ይጠበቃል። ምርመራውን ያቀለሉ የሚመስሉ እንዲህ ያሉ ሥርጭቶች በመጨረሻ የሚጎዱት ምርመራውን ራሱን ነው፤ ተከሳሹ በነጻ ቢለቀቅ ሕዝቡ ፍርድ ቤቱን ይጠረጥራል፣ ቢፈረድበትም ተከሳሹ አስቀድሞ ተፈርዶብኝ ነበር ለማለት ምክንያት ያገኛል።

ያለመከሰስ መብት የሚባለውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የምክር ቤት አባል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በስተቀር ምክር ቤቱ ሳይፈቅድ አይታሰርም፣ አይከሰስም። የተቃዋሚን ድምፅ ለመጠበቅ የታሰበው ይህ ከለላ፣ ምክር ቤቱ ከሞላ ጎደል በአንድ ፓርቲ አባላት በተያዘበት አገር ሌላ ሚና ይይዛል፤ ፓርቲው ሲፈልግ በአንድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ይነሳል፣ ሳይፈልግ ደግሞ ጥያቄው ጭራሽ አይቀርብም። ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃው ቢሟላለት እንኳን በሩን የሚከፍትለት ሌላ ነው ማለት ነው።

ይህ በር እስከ ምን ድረስ ሊከፈት እንደሚገባ በዚያው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ አንድ ጉዳይ ይጠይቃል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ግድያው በዞኑ ለወራት ከዘለቀው ጥቃት አንዱና ከባዱ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በየደረጃው ያሉ ባለሥልጣናት ተጠርጥረው ተይዘው ነበር። እንዲህ ያለ ድርጊት የታጣቂዎች ብቻ ሥራ ይሁን ወይስ በሥልጣን ላይ የነበሩ ሰዎች ያወቁት፣ የተዉት ወይም የደገፉት ነገር ይኑርበት ማወቅ የሚቻለው፣ መርማሪው ከወረዳ አስተዳዳሪው አልፎ ወደ ላይ ለመጠየቅ የማይፈራ ከሆነ ነው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ለከባድ የሰብዓዊ መብት ጥሰቶች ራሱን የቻለ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ችሎት እንዲቋቋም ያስባል። ይህ አዲስ ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1984 ዓ.ም ከተቋቋመው የተለየ እንዲሆን የሚያስፈልጉት ነገሮች ከታሪኩ በቂ ግልጽ ናቸው፤ ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ወይም ለካቢኔ ሳይሆን ለምክር ቤት እንዲሆን፣ ኃላፊው የአገልግሎት ዘመኑ ከምርጫ ዘመን ጋር የማይገጥምና ያለ ጥፋት የማይነሳ እንዲሆን፣ ሥልጣኑ በአንድ ወገን ተዋጊዎች ላይ ብቻ እንዳይወሰን፣ ክስ ሲያነሳም ምክንያቱን በጽሑፍ ለፍርድ ቤት አቅርቦ ተበዳዮች የሚቃወሙበት ዕድል እንዲኖር ያስፈልጋል። ከእነዚህ ሁሉ የመጨረሻው በብዙዎች ዘንድ ትንሽ የቴክኒክ ነጥብ መስሎ ይታያል፤ የተቋማት ሕግ ሲረቀቅ ስለ ሹመትና ስለ ተጠሪነት ብዙ ይከራከሩበታል እንጂ መዝገብ አዘጋግን የሚመለከተው አንቀጽ በአብዛኛው በረቂቁ መጨረሻ ላይ ተጥሎ ይታለፋል። ከበኩጂ የተረፉ ሰዎች ግን ረቂቁ እጃቸው ሲገባ አስቀድመው ሊያነቡት የሚገባቸው አንቀጽ እሱ ነው።